ብዙ እጆች ለአንዲት ሕመምተኛ

(ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጉድጓድ ውኃ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም፤ ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና ነው። ይህ ጉዳይ የሐኪሞች እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ቢኖር፥ አስቀድመን አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ታሪኩ እኛን የሚያስመሰግን አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የገጠር አጥቢያ አንዲት እኅት ወደ እኛ መጣች። ዕድሜዋ 42 ሲሆን የ5 ልጆች እናት ነበረች። በግራ ጡቷ ውስጥ እብጠት ካገኘች ከ1 ዓመት በላይ ሆኗታል። እብጠቱ ስላላመማት፥ ደግሞም ስለ ጡት ለሰው መናገር ነውር ስለ መሰላት ዝም ብላ ቆየች። ምእመናኑ ገንዘብ አዋጡ፤ እኛም የጎደለውን ሞላን፤ በአንድ ሆስፒታል ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከሆስፒታል በወጣች ቀን እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ በመዝገባችንም ላይ «ታክማ ድናለች» ብለን ጽፈን ፋይሉን ዘጋን።

ነገር ግን አልዳነችም ነበር። ከወጣው ጡት የተወሰደው ናሙና በጠርሙስ ተደርጎ ለወንድሟ ተሰጥቶት ነበር። እርሱም ወደ ላቦራቶሪ አደረሰው፤ ውጤቱን ከ3 ሳምንት በኋላ መጥቶ እንዲወስድ ተነገረው። ወራቱ የመኸር ስለ ነበረ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ውጤቱንም የወሰደ ሰው አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ላቦራቶሪው ሥራውን ሠርቷል፤ እኛም ገንዘቡን ከፍለናል። ሁላችንም የየድርሻችንን ስንሠራ በመካከላችን ያለውን መንገድ የሚጠብቅ ግን አልነበረም። ከ14 ወር በኋላ የጀርባ ሕመም ይዟት ተመለሰች፤ በሽታው ወደ አጥንቷ ተዛምቶ ነበር። ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ያ ወረቀት ተፈልጎ ሲገኝ፥ ካንሰሯ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ሊገታ ከሚችለው ዓይነት እንደ ነበረ ይናገር ነበር።

የዛሬው ንግግራችን የተነሣው ከዚያ ወረቀት ነው። ልንል የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም፥ የጡት ካንሰርን አንድ ሐኪም ብቻውን አያክመውም፤ የሚታከመው ልዩ ልዩ ባለሙያዎች ተቀምጠው በመነጋገር በአንድ ሐሳብ ሲሠሩ ነው። የእኛም ሥራ ገንዘብ ከፍሎ መመለስ ሳይሆን፥ ሕክምናው እስኪፈጸም ድረስ ሕመምተኛዋ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሄድ እንዳትጠፋ ከጎኗ መቆም ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሕመምተኞቹ የሚበዙት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በእኛ አገር ግን ብዙዎቹ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው፥ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ወደ ሐኪም የሚደርሱትም አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ ከገፋ ወይም በሽታው ወደ ብብት ከተሻገረ በኋላ ነው።

በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሳምባ ነቀርሳም ለካንሰርም ስለሚነገር፥ አንዳንድ ሰው ይህም በሽታ በትንፋሽ የሚተላለፍ ይመስለዋል፤ የሕመምተኛዋንም ሰሃንና ብርጭቆ ይለያል። ይህ ስሕተት ነው። የጡት ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአንድ መሶብ አብረን ብንበላ፥ እርሷም ልጆቿን ብታቅፍ ምንም ጉዳት የለውም።

አንድ ሐኪም የማይበቃው ለምንድን ነው?

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሐልስቴድ የተባለ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም፥ ጡቱን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር በአንድነት የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስተማረ። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሁሉን የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በሽታው ከጡት አልፎ በደም ከተሠራጨ፥ ምንም ያህል ሰፊ አድርገው ቢቆርጡ አይደርሱበትም።

እ.ኤ.አ. በ1896 ቢትሰን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም፥ ሴት እንቁላል የምታመርትባቸው ዕጢዎች ሲወጡ በአንዳንድ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አስታወቀ፤ የሆርሞን ሕክምና መነሻው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ፥ እብጠቱ ገና ትንሽ ሲሆን እርሱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ጡቱን በሙሉ ከማውጣት ጋር እኩል ሕይወት እንደሚያተርፍ በጥናት አሳዩ።

እንግዲህ ዛሬ ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች 5 ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና፥ ኬሞቴራፒ፥ የጨረር ሕክምና፥ የሆርሞን መድኃኒት፥ እንዲሁም ሄር ቱ የሚባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚያጠቃ መድኃኒት። ሁሉም ለሁሉም አይሰጥም። ትልቁ ጥያቄ የትኛው፥ ለማን፥ በምን ተራ ይሰጥ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለብቻው ሊመልስ የሚችል ባለሙያ የለም።

በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ

ስለዚህ በብዙ አገሮች ባለሙያዎቹ በተወሰነ ቀን ተሰብስበው ስለ እያንዳንዷ ሕመምተኛ ይመክራሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም እንዲህ ያለ ጉባኤ ይደረጋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ ብናውቅ፥ ለሕመምተኛዋ ምን መጠየቅ እንዳለብን እንረዳለን።

የፓቶሎጂ ሐኪሙ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆኑን፥ ዓይነቱንም ይናገራል። ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበል መሆኑን፥ ሄር ቱም የበዛበት መሆኑን ይመረምራል። ናሙናው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ሊበላሽና ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በወንድም እጅ ጠርሙስ ሲሰጥ፥ ሳይውል ሳያድር መድረስ ያለበት ከባድ ዕቃ ነው።

የራጅ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ፥ በማሞግራም፥ አስፈላጊ ሲሆንም በሲቲ ስካን በሽታው የት ድረስ እንደ ደረሰ ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ ሊወጣ የሚችለውንና የማይችለውን ይለያል። የካንሰር ሐኪሙ መድኃኒቱን ይመርጣል፤ የጨረር ሐኪሙም ጨረር የሚያስፈልገውን ስፍራ ይወስናል። ፋርማሲስቱ የመድኃኒቱን ልክ በቁመቷና በክብደቷ ያሰላል፤ ሌላ ከምትወስደው መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭም ያያል። ከእነዚህ ጋር ነርሷ፥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፥ የሥነ ልቡና አማካሪውና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው አሉ።

የመነጋገሩን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እንመልከት። እብጠቱ ትልቅ ሆኖ ከቆዳው ጋር የተጣበቀባት ሴት መጣች እንበል። ቀዶ ሐኪሙ ለብቻው ቢሆን ዛሬውኑ ላውጣው ይል ይሆናል። በጉባኤው ግን የካንሰር ሐኪሙ፥ «አስቀድማ ኬሞቴራፒ ትውሰድ፤ እብጠቱ ሲያንስ ቀዶ ሕክምናው ንጹሕ ይሆናል» ይላል። የፓቶሎጂ ሐኪሙም፥ «መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የናሙናውን ውጤት ጠብቁ» ይላል። ፋርማሲስቱ ደግሞ፥ «ከታሰበው መድኃኒት አንዱ ልብን ሊያደክም ስለሚችል አስቀድሞ ልቧ ይመርመር» ይላል። ከእነዚህ አንዱ ቢቀር ስሕተቱ ወዲያው አይታይም፤ የሚታየው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። ከተቆረጠ በኋላም ተራውን መለወጥ አይቻልም።

የግላስጎው ምስክርነት

ይህ አሠራር በእርግጥ ሕይወት ያተርፋልን? ቢትሰን በሠራባት በግላስጎው ከተማና በአካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ1995 የጡት ካንሰር ባለሙያዎች በኅብረት መሥራት ጀመሩ። ጎረቤት የሆኑት አውራጃዎች ግን ገና በቀድሞው አሠራር ነበሩ። በኋላም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2000 የታከሙትን የ13,722 ሴቶች መዝገብ መረመሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታተመ። ከ1995 በፊት በግላስጎው አካባቢ በጡት ካንሰር የሚሞቱት ከጎረቤቶቹ በ11 ከመቶ ይበልጡ ነበር። ኅብረቱ ከተጀመረ በኋላ ግን በ18 ከመቶ አነሱ።

እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለ ጥናት ሌላ ምክንያት የለም ብሎ ፈጽሞ አያረጋግጥም። ሆኖም ትልቁ ለውጥ አዲስ መድኃኒት መገኘቱ አልነበረም፤ በዚያም በዚህም ያለው መድኃኒት ተመሳሳይ ነበር። የተለወጠው፥ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ነው። ለእኛ ለድሆቹ አገር ሰዎች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ውድ መሣሪያ መግዛት ባንችል፥ መነጋገርን ግን እንችላለን።

በአገራችን መንገዱ ረጅም ነው

ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ውጭ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ጨረር በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፥ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይሰጣል። ከሩቅ አገር ለመጣች ሴት ሕክምናው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማደሪያው፥ ምግቡና በቤት የቀሩት ልጆች ግን የሳምንታት ጭንቀት ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ ማኅበራት ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት የሚረዱት ይህን ችግር ስለ ተረዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለአገሮች ሁሉ 3 ግብ አስቀምጧል። ከሕመምተኞቹ ቢያንስ 60 ከመቶ በሽታው ገና ሳይገፋ እንዲታወቅላቸው፥ ለሐኪም ከታዩበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራቸው እንዲያልቅ፥ 80 ከመቶ የሚሆኑትም የታዘዘላቸውን ሕክምና እንዲፈጽሙ ነው። ሦስተኛውን ልብ በሉ። መጀመር ሳይሆን መፈጸም ይላል። ያች እኅታችን የወደቀችው በዚህ ስፍራ ነበር።

በሕክምናው ወራት ምን እናድርግ?

1ኛ. ከየአጥቢያው ለእያንዳንዷ ሕመምተኛ አንዲት ጓደኛ ትመደብላት። ይህች ጓደኛ አንድ ደብተር ትያዝ። በደብተሩ የቀጠሮው ቀን፥ የተሰጠው መድኃኒት ስም፥ የተወሰደው ናሙናና ውጤቱ የሚወጣበት ቀን፥ የሐኪሙም ምክር ይጻፍበት። ወደ ሐኪም ሲገቡም፥ «የናሙናው ውጤት ደርሷልን? የሆርሞኑ ምርመራስ ተደርጓልን? ከዚህ ቀጥሎ ወደ ማን ነው የምንሄደው?» ብላ በአክብሮት ትጠይቅ። የ1 ደብተር ዋጋ ጥቂት ነው፤ በእኛ ዘንድ የጎደለው ግን እርሱ ነበር።

2ኛ. ትኩሳትን እንጠብቅ። ኬሞቴራፒ በብዛት የሚሰጠው በ3 ሳምንት አንድ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። በዚህ ጊዜ ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምች ነው ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ስለዚህ በቤቷ ቴርሞሜትር፥ በጓደኛዋም እጅ ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ይኑር።

3ኛ. የሚመጣውን አስቀድመን እንንገራት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀይ ነው፤ ለአንድና ለሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል፤ ደም ግን አይደለም። በብዙዎቹ ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ጠጉር ይረግፋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን ያልተነገራት ሴት ጠጉሯ ትራሷ ላይ ሲቀር ስታይ መድኃኒቱ ገደለኝ ብላ ትቀራለች። ለማቅለሽለሹም መድኃኒት ስላለ ችላ ትቻለው አይባልም፤ ለነርሷ ይነገር።

4ኛ. ክንዷን እናስብ። የብብቷ ዕጢዎች ከወጡ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሚያሳያትን እንቅስቃሴ በየቀኑ ትሥራ። ቁስሉ እስኪሽር ጀሪካኑን ሌላ ይሸከምላት፤ በምጣድ እንዳትቃጠልም የእኅቶች ኅብረት በተራ እንጀራ ይጋግርላት። ይህ ተራ ነገር ቢመስልም ከሕክምናው ክፍል ነው።

5ኛ. ባሏን አንርሳ። ብዙ ባሎች ክፉዎች ሆነው ሳይሆን ፈርተው ይሸሻሉ። ከሽማግሌዎች አንዱ ወደ ሐኪሙ አብሮት ይግባ፤ ሐኪሙም ለሁለቱ አንድ ላይ ያስረዳቸው። ጡት መውጣቱ ሚስትነትንም እናትነትንም እንደማይወስድ ከሌላ ባል አፍ ቢሰማ ይበረታል።

6ኛ. ፋይሉን ቶሎ አንዝጋ። የሆርሞን መድኃኒት የታዘዘላት ሴት፥ ለምሳሌ ታሞክሲፈንን፥ በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት ትውጣለች፤ ደኅና ነኝ ብላ ልታቋርጥ አይገባም። ማርገዝ ብታስብ፥ ያልተለመደ ደም ቢፈሳት ወይም እግሯ በአንድ በኩል ቢያብጥ ለሐኪሟ ትንገር። በፕሮጀክት በጀታችንም ቀዶ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን፥ ምርመራው፥ ጉዞው፥ ማደሪያውና የኪኒኑ ዓመታት አብረው ይታሰቡ። ይህን ሁሉ መሸፈን ካልቻልን፥ ከመጀመራችን በፊት ከሌሎች ጋር እንነጋገር።

ስለ ጸሎትና ስለ መድኃኒት

እዚህ ላይ በግልጥ መናገር ያለብን ነገር አለ። አንዳንድ እኅቶች በኬሞቴራፒው መካከል፥ «ተፈውሰሻል፤ መድኃኒቱን ተዪው» ተብለው እንዳቋረጡ እናውቃለን። እብጠቱ በመድኃኒቱ ስለ ቀነሰ የዳነች መስሏቸው ነበር፤ በሽታው ግን ተመልሶ ከፊተኛው ይልቅ በረታ። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ እንጸልይ፤ ከመጸለይም አናቋርጥ። ነገር ግን ማንም አገልጋይ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የማስተው ሥልጣን የለውም። ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ሐኪምነቱም እንደ ነውር አልተቆጠረበትም። ፈውስ መጣ የሚል ሰው ካለ፥ የሕክምናውን ጉባኤ አይፍራ፤ ሐኪሞቹ መርምረው ይመስክሩ። በሕክምናዋ ወራት ልትጾም የምትሻም አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። የአገር መድኃኒት የምትወስድ ካለች ሳትሸሽግ ለፋርማሲስቱ ትናገር፤ እኛም ይህን ስትነግረን አንቆጣት።

ሕክምናው በሽታውን ማጥፋት የማይችልበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ የባለሙያዎቹ ሥራ አላለቀም፤ ሕመም የሚያስታግሱ፥ ትንፋሽዋን የሚያቀሉ፥ ቤተ ሰቧን የሚያጽናኑ አሉ። የእኛም ሥራ በዚያን ጊዜ አያልቅም።

ማጠቃለያ

በቅፍርናሆም ሽባውን በአልጋ ተሸክመው ያመጡት ሰዎች አራት እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ከአራቱ አንዱ ጫፉን ቢለቅ ያ ሰው ከጣራው ሥር ባልደረሰ ነበር። ስማቸው አልተጻፈም፤ ማንኛቸው ይበልጥ እንደ ደከመም አልተነገረም። አባቶቻችንም፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ።

በዚህ ዓመት ከየአጥቢያችሁ በጡት ካንሰር የምትታከም እኅት ካለች፥ ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ ወደ ቤቷ ሂዱ። «እንዴት ነሽ?» ካላችሁ በኋላ፥ ቀጠሮዋ መቼ እንደ ሆነ፥ የናሙናዋም ውጤት የት እንዳለ ጠይቋት። አላውቅም ካለች፥ በማግሥቱ ጠዋት ከእርሷ ጋር ተነሡ። እኛ በዚያች እኅታችን ነገር የዘገየነው ይህን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ ነውና።